«ሰምተሃል» እየተበቀለኝ ነው?

የእንስሳት ሐኪሙ ለአንባቢያን ጥያቄ የሚመልሱበት ዓምድ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር የሆነው ወንድ ውሻ አለን። የባለቤቴ አባት ናቸው ከኩታበር በቡችላነቱ ያመጡልን። ስሙ «ሰምተሃል» ነው። ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተኳርፈው ስለነበር፣ ውሻውን ሲጠሩ ሰውየውም እንዲሰማ ብለው ያወጡት ስም ነው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ጨዋ ውሻ ነበር። ከሁለት ወር በፊት የወሊድ ፈቃዴን ጨርሼ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ሕፃኗን አማቴ ቤት አድርሼ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ እይዛለሁ፤ የምመለሰው ማታ 12 ሰዓት ነው። ባለቤቴ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ግቢው የጋራ ነው። አከራያችን ዶሮ ስለሚያረቡ ሰምተሃልን ሳሎን ዘግተንበት ነው የምንሄደው።

ጉዱ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ የባለቤቴን የቆዳ ጫማ አንዱን እግር በላ። ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን ሪሞት። ከዚያ ለሠርጌ የተሰጠኝን ሌማት ዙሪያውን ዘነጣጠለው። ባለፈው አርብ ደግሞ አማቴ እኛ ቤት ሲመጡ የሚሰግዱበትን መስገጃ ጫፉን ቦጨቀው። እሳቸው «ወይ እሱ፣ ወይ እኔ» ብለዋል። የበሩንም ሥር በጥርሱና በጥፍሩ ፍቆ ሊበሳው ምንም አልቀረው። ነጠላዬን ከተሰቀለበት አውርዶ ሲተኛበት ይውላል፤ እሱን ግን አይቀደውም።

ጥፋቱን ያውቃል። በሩን ስከፍት ጆሮውን ጥሎ፣ በሆዱ እየተሳበ፣ አንዳንዴም ሽንቱን እየለቀቀ ይመጣል። በመጥረጊያ ብመታውም አልተመለሰም። ጎረቤቶቼ «ጥለሽው ስለምትሄጂ እልህ ይዞት ነው፤ እየተበቀለሽ ነው» ይሉኛል። እውነት ውሻ ይበቀላል? ምን ላድርገው?
ዘ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ። በዕድሜ የልጄ እኩያ ስለምትመስዪኝ «አንቺ» ብልሽ ቅር አይበልሽ።

አይበቀልም። በቀል ብዙ ሒሳብ ይፈልጋል። «ጠዋት ጥላኝ ሄደች፤ ማታ ስትመጣ ጫማው ተበልቶ ብታይ ትናደዳለች» ብሎ ማስላት አለበት። ውሻ ብልህ ነው፤ እንዲህ ያለውን ስሌት ግን ለእኛ ትቶልናል።

እኔ የተበላ ዕቃ ሲያሳዩኝ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የት ነበር? የማን ነበር? ስንት ሰዓት ላይ ተበላ? አንቺ ሁሉንም ጥፋት አንድ ጆንያ ውስጥ ከተሽ ነው የላክሽልኝ። እስቲ እንዘርግፈው።

ከነጠላው ልጀምር። ጣል አድርገሽው ነው ያለፍሽው፤ እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ ላይ ቆምኩ። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚቀበሉት ሕዋሳት አምስት ስድስት ሚሊዮን ቢሆኑ ነው። የውሻ ከ200 ሚሊዮን ይበልጣል። ላንቺ ነጠላ ብቻ ነው። ለሱ ላብሽ፣ የፀጉርሽ ቅቤ፣ የሕፃኗ ወተት ነው። በቀል ቢያምረው ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚዘነጥለው እሱን ነበር። እሱ ተኛበት።

ጫማውና ሪሞቱም የነጠላው ዘመዶች ናቸው። ቆዳ ቢለፋም፣ ቀለም ቢቀባም ለውሻ ያው ቆዳ ነው፤ የባልሽ የእግር ላብ ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው። ሪሞትን ያህል በሰው እጅ የሚታሽ ዕቃ ቤት ውስጥ የለም። ራት እየተበላ ስንቴ ይነካል! ሌማቱም ስንት ዓመት እንጀራና ወጥ የጠጣ ስንደዶ ነው፤ በዚያ ላይ ሲታኘክ ይንኮሻኮሻል። ሰምተሃል ደግሞ በዕድሜው ጎረምሳ ነው። ጥርስ መቀየሩ አልፏል፤ የማኘክ አመል ግን ብዙ ውሾችን እስከ ሁለት ዓመት ገደማ አይለቃቸውም። የውሻ እጁ አፉ ነው። እኛ ሥራ ስንፈታ ስልክ እንነካካለን፣ እሱ ያኝካል። ማኘኩ ራሱ ያረጋጋዋል።

በሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በር አይጣፍጥም። የወጣሽበትን ቦታ ለይቶ የሚፍቅ ውሻ ጨንቆታል፤ ብቻውን መቅረት ያስፈራዋል። እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን የሚሠሩት ሰው በወጣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ያለቅሳሉ፣ ያለከልካሉ፣ ለሃጫቸው ይዝረበረባል። ምግብ ብታስቀምጪላቸው እንኳ ብዙዎቹ አይነኩትም። ሥራ ፈትቶ የሰለቸው ውሻ ግን ምግቡን ጥርግ አድርጎ በልቶ ይተኛል፤ ሲነቃ ነው ዕቃ ፍለጋ የሚዞረው። የእናንተው ሁለቱም ያለበት ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ አሮጌ ስልክ ካለሽ ቪዲዮ ከፍተሽ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጪው። ስልክ ከሌለ ጎረቤት አለ። «እልህ ነው» ያሉሽን ሰዎች ቡና ላይ ጠይቂያቸው። ባልሽ ሲወጣ ይጮኻል? መቼ ዝም ይላል? የደሴ ጎረቤት ይህን አያጣም።

አሁን ወደ መጥረጊያው። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርሽ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወረኢሉ ተመድቤ እሠራ ነበር። ገጠር የምንወጣው በበቅሎ ነው። ቡላ የሚባል ውሻ ነበረኝ። አንድ ቀን ስመለስ የተዋስኩትን ኮርቻ ጠፍር በልቶ ጠበቀኝ። ጠፍሩን አፍንጫው ላይ አስጠግቼ በአለንጋ ገረፍኩት። ከዚያ ወዲያ ማታ ስገባ ጭራውን ወሽቆ አልጋ ሥር ይገባል። እኔም «አያችሁ፣ ጥፋቱን ያውቃል!» እያልኩ ለጓደኞቼ አወራሁ። ሐኪም ነኝ፣ ማን ይከራከረኛል? አንድ ማታ እንደለመደው አልጋ ሥር ገባ። ምን በላ ብዬ ቤቱን አገላብጬ ፈተሽኩ። ጫማዬ ደህና ነው። ኮርቻው ደህና ነው። ምንም አልነካም። ፋኖሱን ይዤ ጎንበስ ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። የሚፈራው እኔን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ያንን አለንጋ ለበቅሎዋ እንኳ አልተጠቀምኩበትም።

ብዙ ቆይቶ፣ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንኑ በ14 ውሾች ፈትና እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችውን አነበብኩ። ባለቤቱ ውሻውን «ይህን እንዳትበላ» ብሎ ከክፍሉ ይወጣል። ሲመለስ ውሻው በልቷል ወይም አልበላም ተብሎ ይነገረዋል፤ አንዳንዴ የሚነገረው ውሸት ነው። ያ የጥፋተኛ ፊት የምንለው ነገር በብዛት የታየው ባለቤቱ ሲቆጣ ነው፤ መብላት አለመብላቱ ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም ይበልጥ የተሸማቀቁት ሳይበሉ የተቆጧቸው ናቸው።

ሽንቱን መልቀቁም ፍርሃት ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ የምታሳርፊበትን መጥረጊያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከፋቀው በር ጋር አያገናኘውም። የሚያገናኘው ከአንቺ መግባት ጋር ነው። መሄድሽ ያስጨንቀው ነበር፤ አሁን መምጣትሽም ያስጨንቀዋል። ውሎው ሁሉ ጭንቀት ሆነ ማለት ነው። መጥረጊያው ቤቱን ይጥረግበት።

ምን ይደረግ ላልሽው፣ ባልሽ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቤት ነው ብለሻል። ሳይዘጋበት በፊት ግማሽ ሰዓት ይዞት ይውጣ። ወደ ጦሳ ግርጌ ሽቅብ ቢሉ ለሁለቱም ይበጃል። የደሴ ጠዋት ጉምና ብርድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጋቢ ይደርብ። ውሻው እንደልቡ ያሽትት፣ አይጎትተው። ደክሞት የገባ ውሻ ሌማት ትዝ አይለውም።

ቁርሱን በሳህን አትስጡት። የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑን አውጥታችሁ፣ ጎኑን በስታችሁ፣ ደረቅ ቂጣ ቆራርጣችሁ ክተቱበት። እያንከባለለ ያወጣዋል። በሁለት ጉርሻ የሚያልቀው ምግብ ረጅም ሥራ ይሆንለታል። በፊት ግን እናንተ ባላችሁበት ሞክሩት። ፕላስቲኩን እየቆረጠ የሚውጥ ከሆነ ይቅር፤ ቂጣውን በየጥጉ በትናችሁለት በአፍንጫው ይልቀም።

የሚያኝከው የራሱ ነገርም ይኑረው። እዚህ ላይ ሰዎች አሮጌ ጫማ ይሰጡታል። ውሻ አሮጌና አዲስ አይለይም፤ ጫማ ማኘክ ይፈቀዳል ብሎ ነው የሚረዳው። በአፉ የማይገባ ትልቅ የጎማ ኳስ ጥሩ ነው። የበሰለ አጥንት አትስጡት፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል፣ የዶሮ ደግሞ ይብሳል። ቀንድና ሰኮና ጥርስ ይሰብራሉ። በአውራ ጣት ጥፍርሽ ስትጫኚው ምልክት የማይቀበል ነገር ለጥርሱ ጠንካራ ነው። በበዓል ደግሞ ውሃ የቋጠረ የበግ ሳንባና ጉበት እንዳትወረውሩለት። በቋጠሮው ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ሰው ጉበት ውስጥ ቋጠሮ ይሠራል። በአረፋም በፋሲካም በየአጥሩ ሥር ተጥሎ የማየው ነገር ነው። ይቀበር ወይ ይቃጠል። ከጥያቄሽ ወጣሁ፤ ቤትሽ ሕፃን ስላለች ነው።

ሲያኝክ እጅ ከፍንጅ ብትይዢው አትጎትቺበት፤ መጎተት ለሱ ጨዋታ ነው። እንደ ልዋጭ ሰው ሁኚ። የሚበልጥበትን አሳዪውና ያንቺን ተቀበዪ።

ሚጥሚጣ ቀቢበት የሚልሽ አይጠፋም። ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ ነገ የሕፃኗም እጅ እዚያው ነው። ልጅ ጡት በሚያስጥሉበት ሬት ይሁን የሚልም አለ። ሬት መምረሩን ይመራል፤ ግን ያስቀምጣል። ሳሎን ተዘግቶበት የሚውል ውሻ ሲያስቀምጠው ምን እንደሚመስል አንቺው አስቢው። አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ የወንበሩን እግር ብታብሺበት ይሻላል፤ ብዙ ውሾች ሽታውን አይወዱትም። በሩ ላይ ግን አትድከሚ። የጨነቀው ውሻ ለአቼቶ አይመለስም።

ለበሩ ልምምድ ነው የሚያስፈልገው። ስሙን ያወጡለት ለኩታበሩ ጎረቤት ቢሆንም ውሻውም ሰምቷል፤ የቁልፍሽን ድምፅ። ቁልፍ ሲንቃጨል ትሄዳለች፣ ብቻዬን እቀራለሁ ብሎ ለምዷል። ስለዚህ እሁድ ቀን ቁልፉን አንቃጭዪ፣ ነጠላ ልበሺ፣ ቦርሳ አንጠልጥዪ። ከዚያ ቁጭ በይና ሽንኩርትሽን ክተፊ። ቀና ብሎ ማየቱን እስኪተው ደጋግሚው። ቀጥሎ ወጥተሽ እስከ አምስት ቆጥረሽ ተመለሺ። ከዚያ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት። ከዚያ ከአከራይሽ ጋር አቦሉን ጠጥቶ መመለስ፤ ውሎ አድሮ እስከ በረካው መቆየት። ካለቀሰ ቸኩለሻል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ መለስ በይ። ስትወጪ ስንብት አታብዢ። ስትገቢም ዝም ብለሽ ግቢ፤ ሲረጋጋ ታሺዋለሽ።

ይህ ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ቀኑን ሙሉ አይዘጋበት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከፍቶ የሚያንሸራሽረው አንድ የሰፈር ልጅ ፈልጉ። የአከራይሽን ዶሮዎች በሽቦ ማጠር ከአንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ የሚረክስ ይመስለኛል፤ ያኔ ግቢው ውስጥ ይውላል። እሰሩት ማለቴ ግን አይደለም። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል ውሻ ይብስበታል። በሁለት ወር ምንም ካልተሻለው ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ለባሰ ጭንቀት መድኃኒት አለ። ቤት ካለው የሰው ኪኒን ግን ቆርሳችሁ እንዳትሰጡት።

የመስገጃውን እጥበት ነገር ሼሁን ጠይቁ፤ እኔ የምለው ምስማር መትታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት ነው። አማትሽንም «ሁለት ወር ይታገሱኝ» በያቸው። ነጠላውን ተይለት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከወልዲያ ነው። አምስት ዓመት የኖረ ግቢ ጠባቂ ውሻ አለን። ዕቃ ነክቶ አያውቅም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንጨት፣ ድንጋይ፣ የታሰረበትን ሰንሰለት ሳይቀር ያኝካል። ድምፁ ተለውጧል። ምግብ አይበላም፣ ለሃጩ ይወርዳል። አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ይሆን? አፉን ከፍተን ልናይ ነበር።
ሰ.፣ ከወልዲያ

መልስ፦ ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ነው የደወልኩልህ። እዚህ የምደግመው ለሌሎች አንባቢያን ስል ነው።

ዕቃ የማይነካ ትልቅ ውሻ በድንገት እንጨትና ድንጋይ ማኘክ ከጀመረ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካቃተው መጀመሪያ የምንጠረጥረው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው ሕይወቱን ነው የሚያስይዘው። በሽታው ያለው ለሃጩ ውስጥ ነው። መንከስ አያስፈልገውም፤ የተጫረ ቆዳ ከላሰ፣ ወይም ለሃጩ ዓይንና አፍ ውስጥ ከገባ ይበቃል።

ባለበት ይዘጋበት። ማንም አይጠጋው። ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው ይነገር። የተነከሰ ወይም የተላሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠበው። ሰዓት ተይዞ ነው፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። ጠበልም ይሁን ዱዓ፣ ከክትባቱ ጎን ይሁን፤ በክትባቱ ፈንታ ግን አይሁን። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ምልክቱ እስኪታይ ደግሞ ሳምንታትም ወራትም ሊወስድ ይችላል። ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው።

ታናሽ ወንድምህ ክትባቱን መጀመሩን ነግረኸኛል። ቀጠሮዎቹን አንድም እንዳያሳልፍ። ሌላዋን ውሻችሁን ዛሬውኑ ለይታችሁ ዝጉባትና ባለሙያው ይያት። ጤነኛ ውሻ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለታል።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ተኩል ቡችላ አለኝ። የስልክ ቻርጀር፣ የአባቴን የዓሣ መረብ፣ የእኔን እጅ፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ትናንት ወለሉ ላይ ደምና ትንሽ ጥርስ አገኘሁ። ታሟል?
ተማሪ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አልታመመም፣ ጥርስ እየቀየረ ነው። 28 የወተት ጥርሶቹን ጥሎ 42 ቋሚ ጥርስ ያወጣል። ሰባት ወር ገደማ ሲሞላው ይጨርሳል። እስከዚያ ድዱ ያሳክከዋል። ማቀዝቀዣ ካላችሁ ወፍራም ጨርቅ በውሃ ነክረህ፣ ጠምዝዘህ አቀዝቅዝና ስጠው፤ አጠገቡ ሆነህ። እጅህን ሲነክስ አትምታው። ጨዋታውን አቁመህ ተነስና ሂድ፤ ጥቂት ቀን ይፈጃል እንጂ ይገባዋል።

ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀለው፤ የኮረንቲ ነገር ነው። መረቡን ስለተቆጣህ ብቻ አይተወውም፣ ቀረሶ ቀረሶ ይሸታልና። ከፍ አድርገህ ስቀለው። የበለጠ የምፈራው መንጠቆውን ነው። መንጠቆ ውጦ ክሩ በአፉ ወጥቶ ካየህ እንዳትጎትተው፣ ክሩንም እንዳትቆርጠው። እንዳለ ይዘኸው ወደ ሐኪም ሩጥ።